ትኬቱ በፈረንጅ፣ ሽኝቱ በሐበሻ፦ በሁለት ሰዓትና በሁለት ዘመን መካከል ላለመሳሳት

ትኬቱ «14 ማርች፣ 00:15» ይላል። ሦስት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ ከተባሉ ቦሌ መገኘት ያለብዎት በ13ኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በ14ኛው ቀን ማታ ሻንጣ አስጭነው፣ ሸኚ ዘመድ በሁለት መኪና አስከትለው ቢሄዱ አውሮፕላኑ ከተነሣ 21 ሰዓት አልፎታል። የተላቀሰው ሁሉ ተያይዞ ወደ ቤት ይመለሳል፤ እርስዎም የትኬት መቀየሪያ ቅጣት ለመክፈል ወረፋ ይይዛሉ። ይህን የሚያመጣው የሂሳብ ድክመት አይደለም፤ ስድስት መደመር ማንም አያቅተውም። ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ የየትኛው ሰዓት፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ሳይጠይቅ ስለሚያነብ ነው።

ማን በየትኛው ሰዓት ይኖራል

አገሩ ላይ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ይሠራል፤ ሁለቱም ግን ራሳቸውን አያስተዋውቁም። የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ትኬት ላይ «ሌሊት 11 ሰዓት» ካለ ጎህ ሳይቀድ ነው፣ በፈረንጅ 05:00። ወደዚያው ከተማ በአውሮፕላን ቢሄዱ ግን በረራው የአገር ውስጥ ቢሆንም ትኬቱ በፈረንጅ ነው። ወረዳ፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ እድር፣ ሠርግ፦ በእኛ። ኤምባሲ፣ አየር መንገድ፣ ሆቴል ማስያዣ ድረ ገጽ፣ የውጭ ድርጅት፣ የዙም ስብሰባ፦ በፈረንጅ። ባንክ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ነው፤ መስኮቱ ላይ «8 ሰዓት ላይ ይመለሱ» ይልዎታል፣ የሚያትምልዎት ደረሰኝ ግን 14:00 ይላል።

ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይጎዳም፤ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የኤምባሲ ቀጠሮ «2:00 ፒኤም» ሆኖ እርስዎ ጠዋት 2 ሰዓት ብለው ካነበቡት ስድስት ሰዓት ቀድመው በር ላይ ይቆማሉ፤ እግር ያማል እንጂ ቀጠሮ አይቃጠልም። «8:00 ኤኤም» የሚለውን ከሰዓት 8 ብለው ካነበቡት ግን ስድስት ሰዓት ዘግይተዋል፤ ቀጠሮው ሄደ፣ የከፈሉትም ገንዘብ አብሮት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ የሚገባው «ኤኤም» የተባለው የጠዋት ቀጠሮ ነው።

ሰዓቱን መቀየር

ባለ 24 ሰዓት ቁጥር ሲያጋጥምዎ ቀኑን በሦስት ይክፈሉት። ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ 6 ይደምሩ፦ 05:50 ሌሊት 11:50 ነው፣ 06:40 ደግሞ ጠዋት 12:40። ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ይቀንሱ፦ 13:00 ቀን 7 ሰዓት ነው። ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ይቀንሱ፦ 22:40 ማታ 4:40 ነው። በኤኤምና ፒኤም ለተጻፈው የግድግዳ ሰዓት ይበቃል፤ ከቁጥሩ ትይዩ ያለውን ያነባሉ። የ7 ትይዩ 1፣ የ10 ትይዩ 4፣ የ12 ትይዩ 6።

አስቸጋሪው 12 ራሱ ነው። «12:30 ኤኤም» ሌሊት 6:30 ነው፣ «12:30 ፒኤም» ቀን 6:30። በእኛ 12 ሰዓት ጎህና ጀምበር መጥለቂያ ስለሆነ «12 ኤኤም» ሲባል ጆሮ ቶሎ ወደ ጠዋት ይሄዳል፤ ቦሌ ላይ ከሚደርሰው ጥፋት ከዚህች ቁጥር የሚነሣ አለ። ትኬት ሲቆርጡ ወኪሉን «በ24 ሰዓት ጻፍልኝ» ይበሉት፤ 00:30ን ማንም ከቀትር ጋር አያምታታውም።

ስልክዎ በአማርኛ ከተሞላ ሌላ ወጥመድ አለ። ቃሉን እንጂ ሰዓቱን አይተረጉምም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ «8:00 ጥዋት» ይልዎታል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ «2:00 ጥዋት»። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ የሚገባ አማርኛ ስለሆነ ያምኑታል። ማንቂያ ሲሞሉ ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያድርጉት፤ 02:00 ሲያዩ ጥርጣሬ ይገባዎታል፣ «2:00 ጥዋት» ሲያዩ ግን አይገባዎትም።

ሂሳቡን ጭራሽ ለማይፈልግ ሰው አንድ መላ አለ፤ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። በስልክዎ የዓለም ሰዓት ዝርዝር ውስጥ ቦነስ አይረስን ያስገቡ፤ የአርጀንቲና ዋና ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ አርጀንቲናም ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በበጋና በክረምት ሰዓት አልቀየረችም። ባለ 12 ሰዓት አድርገው ሲያዩት የኛን ሰዓት ያነብልዎታል፦ አዲስ አበባ 07:00 ሲሆን ቦነስ አይረስ 1:00፣ አዲስ አበባ 20:30 ሲሆን ቦነስ አይረስ 2:30። «ኤኤም» ካለ የኛ ቀን ነው፤ «ፒኤም» ካለ የኛ ማታና ሌሊት። እንዲያውም ቀኑ የሚለወጠው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ልክ እንደኛ ልማድ። የቦነስ አይረስ ሕዝብ ከእንቅልፉ ሳይነሣ በሐበሻ ሰዓት ሲኖር ቆይቷል፤ የነገረው ሰው የለም እንጂ። ከተማውን ግን በተጨማሪ ሰዓትነት ብቻ ያስገቡት። የስልኩን ዋና የሰዓት ክልል ወደዚያ ከቀየሩት ማንቂያውም፣ የአየር መንገዱ መተግበሪያ የሚልከውም መልእክት፣ የቀጠሮ መዝገብዎም ሁሉ በስድስት ሰዓት ይንሸራተታል።

ሌሊቱ የማን ነው?

በፈረንጅ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ ጎህ እስኪቀድ ድረስ ከትናንቱ ጋር ይኖራል። በሁለቱ መካከል ያሉት ስድስት ሰዓታት፣ ከ00:00 እስከ 06:00፣ ሁለት የቀን ስም አላቸው። ከቦሌ በዚያ ሰዓት የሚነሣ በረራ ጥቂት ስላልሆነ ጉዳዩ የሰዋስው ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው አማርኛው ውስጥ አለ፤ ድሮም ለዚህ ሲባል የተበጀ ይመስላል፦ «ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት»፣ ወይም «ለቅዳሜ አጥቢያ»። ማርች 14 ቀን 2026 ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያለው በረራ «ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ከሩብ» ነው። ለሾፌር፣ ለሸኚ፣ ለተቀባይ፣ ለማንም ሲናገሩ ሁለቱንም ቀን ይጥሩ። «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሰደኝ» የተባለ ሾፌር ለእሑድ አጥቢያ ይመጣል፤ አልተሳሳተም፣ የተባለውን ነው ያደረገው።

ሆቴል ላይ ይኸው ነገር ተገልብጦ ይመጣል። ቅዳሜ 02:00 ላይ የሚያርፍ ሰው ክፍሉን ከዓርብ ጀምሮ ነው የሚይዘው። ከቅዳሜ ጀምሮ ካስያዘ ሆቴሉ ክፍል የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት 8 ገደማ ነውና አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ሻንጣውን ታቅፎ እንግዳ መቀበያ ላይ ይቀመጣል። ቪዛ ላይ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ቪዛው ከ14ኛው ቀን ጀምሮ የሚሠራ ሆኖ አውሮፕላኑ በ13ኛው ቀን 23:50 ላይ የሚያርፍ ከሆነ አሥር ደቂቃዋ ከአገር ሳይወጡ ልታስቀር ትችላለች። ትኬት ላይ ከማረፊያ ሰዓት አጠገብ «+1» ካዩ በማግሥቱ ማለት ነው፤ መነሻውም መድረሻውም የሚጻፈው በየአገሩ ሰዓት እንደሆነ አይርሱ።

ውጭ ካለ ዘመድ ጋር

ሪያድ ዓመቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ አትለዋወጥም። ቴል አቪቭ በበጋቸው (ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ) ከእኛ እኩል፣ በክረምታቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሮምና ስቶክሆልም በበጋ አንድ፣ በክረምት ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ፤ ለንደን ሁለትና ሦስት። ዋሽንግተን በበጋ ሰባት፣ በክረምት ስምንት። ሎስ አንጀለስ አሥርና አሥራ አንድ።

ለዋሽንግተን ሰዎች ግን አቋራጭ አለ፦ ባለ 12 ሰዓቱ ቁጥር ላይ በበጋ 1፣ በክረምት 2 ይጨምሩ፤ የሚያገኙት የአዲስ አበባ የሐበሻ ሰዓት ነው። በበጋ ዋሽንግተን 8:00 ኤኤም ከሆነ አዲስ አበባ ቀን 9 ሰዓት ነው፤ 8:00 ፒኤም ከሆነ ሌሊት 9 ሰዓት፤ እናትዎን ባይቀሰቅሱ ይሻላል። ድምሩ 12ን ከተሻገረ ቀኑ ወደ ማታ፣ ሌሊቱ ወደ ጠዋት ይዞራል፦ በክረምት 11:00 ኤኤም ላይ 2 ሲጨመር 1 ይሆናል፣ እሱም ምሽት 1 ሰዓት ነው።

አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። አውሮፓ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ። እስራኤል በጋውን ከማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ጀምራ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትዘጋለች። ኢትዮጵያ አትቀይርም። ስለዚህ በመጋቢትና በጥቅምት በየአገሩ የተበተነ የቤተሰብ ስብሰባ፣ የማኅበር ጉባኤ፣ የልቅሶ ዙም ሁሉ ይናጋል፤ አንዱ ወገን ቀይሯል፣ ሌላው አልቀየረም። ጥቅምት 16 ቀን 2018 ለምሳሌ እሑድ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2025 ነበር። በአዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ በዋሽንግተን 1:00 ፒኤም፣ በዚያው ቀን ሰዓታቸውን በቀየሩት በሮም 18:00፣ በቴል አቪቭ 19:00 ላይ ይውላል። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ዋሽንግተን ራሷ ወደ 12:00 ፒኤም ወረደች። ጥሪ ሲበትኑ «እሑድ 2 ሰዓት» ብለው አይተዉት፤ «እሑድ ጥቅምት 16፣ በአዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት (20:00)» ብለው ይጻፉ። የአንዱን ከተማ ሰዓት መልሕቅ አድርጎ መስጠትና ሌላው ለራሱ እንዲቀይር መተው፣ አምስት ከተማ ዘርዝሮ ሁለቱን ከመሳሳት ይሻላል።

ቀኑን መቀየር

ለዕድሜ ልክ የሚበቃ አንድ የቁጥር ሰንሰለት አለ፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በየወሩ ቀን ላይ የሚደመር ነው፦ 10፣ 10፣ 9፣ 9፣ 8፣ 7፣ 9፣ 8፣ 8፣ 7፣ 7፣ 6፣ 5። መስከረም 1 ላይ 10 ሲደመር ሴፕቴምበር 11 ይሆናል። ኅዳር 1 ላይ 9 ሲደመር ኖቬምበር 10። ጥር 1 ላይ 8፣ ጃንዋሪ 9። የካቲት ላይ 7 ይዞ ፌብሩዋሪ፣ መጋቢት ላይ እንደገና ወደ 9 የሚዘለው ፌብሩዋሪ አጭር ስለሆነ ነው። ድምሩ የፈረንጁን ወር ካለፈ የወሩን ቀናት ይቀንሱና ወደሚቀጥለው ወር ይሻገሩ።

ዓመቱ ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ይደምሩ፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8። «ሰባት ዓመት ይቀድሙናል» ወይም «ስምንት» የሚለው ክርክር መልሱ ይኸው ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው፣ በወሩ ይወሰናል።

ኅዳር 12 ቀን 1985ን ይውሰዱ። 12 ሲደመር 9፣ 21፤ ኖቬምበር 21። ዓመቱ 1985 ሲደመር 7፣ 1992። ጥር 25 ቀን 1987 ከሆነ 25 ሲደመር 8፣ 33፤ ጃንዋሪ 31 ቀን ስላለው ፌብሩዋሪ 2 ይሆናል፤ ዓመቱ 8 ተደምሮ 1995።

ቀሪው የዘመነ ዮሐንስ ጉዳይ ነው። ዓመቱን ለ4 ያካፍሉ፤ ቀሪ ከሌለው ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ። በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ስለዚህ ተከታዩ ዮሐንስ የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። በዮሐንስ ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ባለው ቀን ላይ ሌላ 1 ይጨምሩ። ከየካቲት 22 ጀምሮ እንደ ሌላው ዓመት ነው፤ ያኔም ፌብሩዋሪን 28 ቀን ብለው ይቁጠሩ። የዓመት መሻገሪያውም በአንድ ቀን ይቀድማል፤ በዮሐንስ ጃንዋሪ 1 የሚውለው ታኅሣሥ 22 ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1984፦ 1984 ለ4 ቀሪ የለውም፤ 5 ሲደመር 10 ሲደመር 1፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1991። ይህ ቀመር ከ1900 እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ላለው ዘመን ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለልጅ ልጆች እንተው።

የስልክ መቀየሪያ መተግበሪያ ከተጠቀሙም መጀመሪያ ይፈትኑት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሲያስገቡ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ማለት አለበት፤ 11 ካለ ዘመነ ዮሐንስን አያውቅም፣ ያጥፉት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲያስገቡ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይበልዎት። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲያስገቡ ደግሞ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ማለት አለበት፤ ዝም ብሎ ቀን ከሰጠዎት በልደትዎም ላይ ዝም ብሎ ይሰጥዎታል።

ፎርም ላይ የሚበላሸው

በጣም የተለመደው ስሕተት ግማሽ መቀየር ነው። የልደት ወረቀት ላይ «12/3/1985» ይላል፤ ሰውየው ዓመቱን ብቻ ወደ 1992 ያወጣና 12/3ን እንዳለ ይተዋል። በኛ ሦስተኛ ወር ኅዳር ነው፣ በፈረንጅ ማርች፤ ኖቬምበር 21 የተወለደ ሰው ከስምንት ወር በላይ አርጅቶ ማርች 12 ላይ ይወለዳል። ፎርሙ የአሜሪካ ከሆነ ወር ይቀድማልና 12/3 ዲሴምበር 3 ተብሎ ይነበባል። ከአንድ ወረቀት ሦስት ልደት ወጣ ማለት ነው፤ ሦስቱም ለዓይን ጤነኛ ናቸው፣ ማንም ኮምፒውተር አይጮህባቸውም።

ጳጉሜን ላይ የተወለደ ሰው ዕጣው የተለየ ነው። «5/13/1990» ብሎ የጻፈውን የአሜሪካ ፎርም በደስታ ይቀበለዋል፤ ሜይ 13 ነዋ። ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 10 ቀን 1998 ነው። ቀን የሚቀድምበት ፎርም ደግሞ «13ኛ ወር የለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ የሚያስቀይም ቢሆንም ከሁለቱ የሚሻለው ይሄኛው ነው።

ሌላው ሁለት ጊዜ መቀየር ነው። ጸሐፊው አንድ ጊዜ ወደ ፈረንጅ ቀይሮታል፤ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» ስላልተጻፈበት ተርጓሚው እንደገና ይቀይረዋል። ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው በወረቀት ሃያ ይሆናል፤ ለኳስ ተጫዋች ይመች ይሆናል፣ ለቪዛ ግን አይመችም። ጨርሶ አለመቀየሩ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃል። ስለዚህ በማንኛውም ወረቀት ላይ ቀን ሲጽፉ የወሩን ስም በፊደል ያድርጉ፤ «ኅዳር 12 ቀን 1985 ዓ.ም» ወይም «21 ኖቬምበር 1992 እ.ኤ.አ.»። ወሩ በስም ከተጻፈ ቀንና ወር መገለባበጥ ያበቃል፤ ዘመኑም ከወሩ ስም ይታወቃል። ፋይዳ ካርድ ልደትን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማተሙ ከዚህ አንጻር ብልህነት ነው።

በኤክሴል የስም ዝርዝር የሚይዝ ሰው የኢትዮጵያን ቀን በቀን ሳጥን ውስጥ እንዳይጽፍ። ጥቅምት 30ን «30/2/2017» ብለው ቢጽፉት ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30ን ስለማያውቅ ጽሑፍ አድርጎ በግራ ያስቀምጠዋል፤ ከጎኑ ያለውን «28/2/2017» ግን ቀንን ከወር እንዲያስቀድም ከተሞላ እውነተኛ ፌብሩዋሪ አድርጎ በቀኝ ያስቀምጠዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ግራ ግማሹ ቀኝ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደርም ዝርዝሩ ይተራመሳል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይያዙ፤ የፈረንጁን በአራተኛ።

ሁሉም ወረቀት ሲጋጭ ለጉዞ የሚገዛው ፓስፖርቱ ነው። ከፎቶው ገጽ ግርጌ ሁለት መስመር አለ፣ እያንዳንዱ 44 ምልክት። በሁለተኛው መስመር ከ14ኛው ምልክት ጀምሮ ያሉት ስድስት አኃዞች ልደትዎ ናቸው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በፈረንጅ፦ ለኅዳር 12 ቀን 1985 «921121»። ከ22ኛው ጀምሮ ያሉት ስድስቱ ፓስፖርቱ የሚያበቃበት ቀን ናቸው። ፓስፖርት በተረከቡበት ቀን ከመስኮቱ ሳይርቁ እነዚህን ያንብቡ። ልደቱ ተሳስቶ ከሆነ ትኬትና ቪዛ ላይ «ትክክለኛውን» በመጻፍ ለማስተካከል አይሞክሩ፤ መቆጣጠሪያው ላይ የሚታየው መለያየቱ ብቻ ነው። ወይ ፓስፖርቱን በልደት ምስክር ወረቀት ያሳርሙ፣ ወይ ፓስፖርቱ ያለውን ልደት ሁሉም ቦታ እንዳለ ይጻፉ። ቀናቸው ባለመታወቁ «ጃንዋሪ 1» የተሰጣቸው ብዙዎች እንዲህ ነው የሚኖሩት፤ በአንድ ቀን ጎተራ ሙሉ ልደት ይከበራል።

ስም

በመጀመሪያው መስመር ላይ ከስድስተኛው ምልክት እስከ ድርብ ቀስቱ (<<) ያለው የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራስ ስም። ትኬት ሲቆርጡ «የአባት ስም የቱ ጋ ይግባ?» ብለው አይጨነቁ፤ ድርብ ቀስቱ የቆረጠበት ላይ ይቁረጡ። ፀሐይን በስንት ዓይነት የላቲን ፊደል እንደሚጽፉት አገር ያውቃል፤ እርስዎ የሚጽፉት ግን ፓስፖርቱ የጻፈበትን ብቻ ነው፣ ቢቀፍዎትም። ትኬቱ ላይ የራስና የአባት ስም ያለ ክፍተት ተጣብቆ ከታተመ ስሕተት አይደለም፤ የአየር መንገዶች አሠራር ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ግን በቆረጡበት ቀን ያሳርሙ፤ በበረራው ዋዜማ ዋጋውም ጭንቀቱም ይለያል። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የቤተሰብ ስማቸው እንደማይገጥም የውጭ ፎርሞች አያውቁም፤ ልጅ ይዞ የሚጓዝ ወላጅ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ትርጉም ከእጅ ሻንጣው አይለይ።

ለበዓል የሚመጡ

ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው፤ በኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ 28። ላሊበላ ለገና የሚሄድ ሰው በፈረንጁ ቀን ቢይዝ አይሳሳትም። ጥምቀት ተቃራኒው ነው፤ በኛ ጥር 11 እንደቆመ ነው፣ በፈረንጅ ግን ጃንዋሪ 19 ሆኖ በዘመነ ዮሐንስ 20 ይሆናል፤ መስቀልም እንዲሁ ከሴፕቴምበር 27 ወደ 28። ጎንደር ለጥምቀት ክፍል የሚይዝ ሰው ከተራው በዋዜማው መሆኑን አስቦ ቢያንስ ከጥር 10 ጀምሮ ይያዝ። የሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ 2020 ነው፤ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ይውላል፣ ከተራ 19። በዚያ ዓመት «ጥምቀት ጃንዋሪ 19» የሚሉ የጉብኝት ማስታወቂያዎች መታየታቸው አይቀርም፤ እነሱን አምኖ በ20 ጠዋት የመልስ ትኬት የቆረጠ ሰው ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሳይነሡ ጎንደርን ለቅቆ ይሄዳል።